የቬነስ ቀለበት፦ እውነተኛ ድንጋይ እንዴት ይለያል?

«ቲቸር፣ ይኼ ድንጋይ እውነተኛ ነው ወይስ ሸውደውኛል?»

ጠያቂዋ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ዱባይ አንድ የህንድ ቤተሰብ ዘንድ ስትሠራ ቆይታ በቅርቡ ወደ ጎጃም፣ ወደ አምበር ተመልሳለች። የቤቱ እመቤት የልጅቱን የልደት ቀንና ሰዓት ጠይቃ ለራሷ ኮከብ ቆጣሪ በስልክ ታስነግራለች። የመጣው መልስ «ቬነስሽ ደካማ ነው፤ ነጭ ድንጋይ በብር አሠርተሽ ዓርብ ቀን አጥልቂ» የሚል ነበር። ልጅቱም ከደመወዟ ቀንሳ አሠራች። አሁን አንገቷ ላይ ማዕተብ፣ ጣቷ ላይ የቬነስ ቀለበት አለ። የሁለቱን ነገር የንስሐ አባቷ ያነጋግሯት፤ እኔ የተጠየቅሁት ስለ ድንጋዩ ነው።

ድንጋዩ ነጣ ያለ ነው። ሲያዘነብሉት አረንጓዴ፣ ብርቱካንማና ቀይ ብልጭታ ከሆዱ ይወጣል። የሚመስለው ኦፓል ነው። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ዱባይ ድረስ ሄዳ የገዛችው ድንጋይ ከወሎ የወጣ ሊሆን ይችላል። ከደላንታ ገደል የሚቆፈረው ኦፓል በአዲስ አበባ ነጋዴዎች እጅ አልፎ በብዛት የሚሄደው ወደ ህንዷ ጃይፑር ነው። እዚያ ይቆረጣል፣ ይሞረዳል፣ ይወለወላል፤ ከዚያ ከፊሉ ለጌጥ፣ ከፊሉ ለኮከብ ገበያ ይቀርባል። ስለዚህ ጥያቄዋ የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም።

በመጀመሪያ ድንጋዩ ለምን እንደታዘዘላት እንይ። የህንዶቹ ኮከብ ቆጠራ ጅዮቲሽ ይባላል። ዘጠኝ የሰማይ ገዥዎችን ይቆጥራል፦ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ማርስ፣ ሜርኩሪ፣ ጁፒተር፣ ቬነስና ሳተርን፣ ከእነርሱም ጋር ራሁና ኬቱ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በዐይን የሚታዩ አካላት አይደሉም። የጨረቃ መንገድ የፀሐይን መንገድ የሚያቋርጥባቸው ሁለት ነጥቦች ናቸው፤ ግርዶሽ የሚሆነውም ፀሐይና ጨረቃ በእነዚያ ነጥቦች አካባቢ ሲሆኑ ነው። ለእያንዳንዳቸው ድንጋይ ተመድቦላቸዋል። ለፀሐይ ሩቢ፣ ለጨረቃ ሉል፣ ለማርስ ከባሕር የሚወጣው ቀይ መርጃን፣ ለሜርኩሪ መረግድ፣ ለጁፒተር ቢጫ ሰንፔር፣ ለቬነስ አልማዝ፣ ለሳተርን ሰማያዊ ሰንፔር፣ ለራሁ ማር የመሰለ ጋርኔት፣ ለኬቱ የድመት ዐይን። ድንጋዮቹን ከነጉድለታቸው የመመርመሩ ጥበብ ጥንታዊ ነው። ቫራሃሚሂራ የተባለው ሊቅ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ብርሃት ሳምሂታ ለአልማዝ፣ ለሉል፣ ለሩቢና ለመረግድ የየራሳቸውን ምዕራፍ ሰጥቷል።

ኦፓል ከዘጠኙ ውስጥ የለም። የገባው በምትክነት ነው። አልማዝ መግዛት ለማይችል ሰው ነጭ ሰንፔር፣ ነጭ ቶጳዝ፣ ዚርኮን ወይም ኦፓል ይታዘዝለታል። የሚገርመው ግን ከዋናዎቹ ዘጠኝ ሁለቱን እኛም ዘንድ ማግኘት መቻሉ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ገደማ ከሻኪሶ አካባቢ መረግድ፣ ከአክሱም አቅራቢያ ከጭላ ደግሞ ሰማያዊ ሰንፔር ወደ ዓለም ገበያ መውጣት ጀምረዋል።

ኮከብ ቆጠራ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዐውደ ነገሥት የሚገልጥ ደብተራ የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ፣ በ12 ገድፎ፣ በተረፈው ቁጥር ሐመል ወይም ሰውር ወይም ሸርጣን ይለዋል። ለዚህ የልደት ሰዓት አያስፈልግም። ጅዮቲሽ ግን ያለ ልደት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አይነቃነቅም። ትልቁ መንሸራተቻ እዚህ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ገና ሳይመረጥ ስህተቱ ሊገባ ይችላል።

ልጅቱን «ስንት ሰዓት ተወለድሁ አልሻት?» አልኋት። «እናቴ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ያለችኝ፤ እንደሱ ነገርኋት» አለች። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ማለት በፈረንጁ 9 ሰዓት ነው። ህንዳዊው ኮከብ ቆጣሪ 3 ሰዓት ሲባል የሚጽፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓታችንን ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። በልደት ሰዓት ከምሥራቅ አድማስ የሚወጣውን የከዋክብት ክፍል የሰንጠረዡ መነሻ ያደርጉታል። ዐሥራ ሁለቱ ክፍሎች በ24 ሰዓት ውስጥ ተራ በተራ ስለሚወጡ አንዱ ለሌላው ቦታ የሚለቀው በአማካይ በ2 ሰዓት ነው። የ6 ሰዓት ስህተት ሦስት ክፍል ያዘልላል። ዓመቱም እንደ ወሩ ሁኔታ በ7 ወይም በ8 ይለያል፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ቀኑ በአንድ ይንሸራተታል። ጨረቃ በአንድ ክፍል ውስጥ የምትቆየው ሁለት ቀን ከሩብ ገደማ ብቻ ስለሆነ የቀን ስህተትም ቀላል አይደለም። በጅዮቲሽ ለሚያምን ሰው እንኳ ያ ቀለበት የታዘዘው ለሌላ ሰው ሰማይ ሊሆን ይችላል። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ እመቤቷ ግን የምትስቅ አይመስለኝም።

ወደ ድንጋዩ እንመለስ። የጅዮቲሽ ሰዎች የሚጠይቁት ድንጋይ ከመሬት የወጣ፣ በእሳትም በዘይትም በቀለምም ያልታከመ፣ ስንጥቅና ነጠብጣብ የሌለበት ነው። ጥብቅ መስፈርት ነው፤ ከተራ ጌጥ ገበያ ይልቅ ይጠብቃል። ጌጥ ለሚፈልግ ሰው በሙቀት የጠራ ሰንፔር ምንም ነውር የለበትም፤ በዓለም ገበያ ያለው ሰንፔር አብዛኛው እንዲያ ነው። ለኮከብ የሚገዛ ሰው ግን ያልታከመ ብሎ ተጨማሪ ዋጋ ይከፍላል። ታዲያ ማጭበርበሩ የሚያተርፈው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

«ውሸት ድንጋይ» ስንል አራት የተለያዩ ነገሮችን እያደባለቅን ነው። አንደኛው ማስመሰያ ነው፤ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ በሩቢ ወይም በኦፓል ስም። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ነው። ይህ ተንኮለኛ ነው፤ ምክንያቱም በንጥረ ነገሩ ከተፈጥሮው ጋር አንድ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦጉስት ቬርኔይ በ1902 እ.ኤ.አ. ባሳወቀው ዘዴ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በኃይለኛ ነበልባል ውስጥ እየቀለጠ ይንጠባጠብና በሰዓታት ውስጥ የሩቢ ክሪስታል ይወጣል። ሦስተኛው የታከመ ነው፤ ድንጋዩ ከመሬት የወጣ ሆኖ ሰው ቀለሙን ወይም ስንጥቁን ያበጀለት። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ ገበያውን ያጥለቀለቀው በእርሳስ ብርጭቆ የተሞላ ሩቢ ከዚህ ወገን ነው። የማይረባ፣ የተሰነጣጠቀ ሩቢ ይገዛና ስንጥቁ በቀለጠ ብርጭቆ ይሞላል፤ ያምራልም። ሎሚ የምትጨምቅ ሴት ጣት ላይ ከዋለ ግን የሎሚው ጭማቂ ብርጭቆውን ይበላውና ስንጥቁ እንደገና ይገለጣል። አራተኛው ድርብ ነው፤ ስስ እውነተኛ ቅጠል ከጥቁር ድንጋይ ወይም ከመስታወት ጋር የተጣበቀበት።

በቤት ውስጥ ሊለይ የሚችለው ከእነዚህ የትኛው ነው? ማስመሰያውና ድርቡ በአብዛኛው ይለያሉ። ሰው ሠራሹና የታከመው በአብዛኛው አይለዩም። ይህን ያላመነ ሰው ነው በመስታወት ላይ እየፋቀ፣ በክብሪት እየለበለበ ድንጋይ የሚያበላሸው። ሩቢ መስታወት ይፍቃል፤ ሰው ሠራሹም ይፍቃል። ምንም አልተለየም። እሳቱ ደግሞ ኦፓልን ይሰነጥቃል፣ የመረግድን ዘይት ያደርቃል። ሁለቱንም አትሞክሩ።

የማይጎዳውና ብዙ የሚናገረው ክብደት ነው። ድንጋዩ ከቀለበቱ የወጣ መሆን አለበት። ደብረ ማርቆስ አንጥረኞች ዘንድ የሚገኘውን እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ የኪስ ሚዛን ተዋሱ። መጀመሪያ ድንጋዩን ደረቁን መዝኑ። ከዚያ ትንሽ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ድንጋዩን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት፤ የብርጭቆውን ታች ወይም ጎን ግን አይንካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ድንጋዩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍሉ።

ቢጫ ሰንፔር ተብሎ የተሸጠ 1.20 ግራም ድንጋይ ውሃ ውስጥ 0.30 ቢያሳይ ውጤቱ 4.0 ነው፤ ይህ የሰንፔርና የሩቢ ቁጥር ነው። 0.45 ቢያሳይ ግን 2.67 ይሆናል፤ ይኼ ኳርትዝ ነው፣ ሲትሪን የሚባለው ቢጫ ኳርትዝ፣ ዋጋው ከሰንፔሩ ጋር የማይወዳደር። ቶጳዝ 3.5 አካባቢ፣ መረግድ 2.7 አካባቢ፣ አልማዝ 3.52፣ በአልማዝ ስም የሚሸጠው ኩቢክ ዚርኮኒያ ግን ከ5.6 በላይ ነው። ስለዚህ «አልማዝ» ተብሎ ከመጠኑ በላይ የከበደ ድንጋይ ደስ አያሰኝም። ድንጋዩ ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ የሚዛኑ ስህተት ውጤቱን ይበላዋልና አትመኑት። ብርጭቆ ደግሞ እንደ አሠራሩ ከ2.3 እስከ ከ4 በላይ ሊሆን ስለሚችል አንዳንዴ ቁጥሩን ይመታል፤ ያኔ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያስፈልጋል። በብርጭቆ ውስጥ ድቡልቡል የአየር አረፋ ይታያል። በቬርኔይ ሩቢ ውስጥ እንደ ሸክላ ዲስክ መስመር የጎበጡ ጭረቶች አሉ፤ በተፈጥሮው ውስጥ የሚገኙት የዕድገት መስመሮች ግን ቀጥ ያሉ ናቸው። ጭረቱን ለማየት የሠለጠነ ዐይን ይፈልጋልና ላላየው ሰው «የለም» ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት አንድ ድንጋይ አለ፤ እሱም የእኛው ነው።

ኦፓል እንደ አልማዝ ወይም ሰንፔር ክሪስታል አይደለም። ሲሊካና ውሃ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ውሃ ሲያልፍበት ሲሊካው ይሟሟና በስንጥቆችና በቀዳዳዎች ውስጥ ቀስ ብሎ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች ሆኖ ይረጋል። እንክብሎቹ እኩል መጠን ኖሯቸው በሥርዓት ከተደረደሩ ብርሃኑን እየበተኑ ቀለማቱን ለየብቻ ይልካሉ። ይህን የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች በ1964 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አረጋገጡ። እንክብሎቹ ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ገደማ ናቸው፤ ተለቅ ያሉት ቀዩን፣ አነስ ያሉት ሰማያዊውን ያሳያሉ። በድንጋዩ ውስጥ ቀይ ቀለም የለም፤ ብልጭታው የድርድሩ ሥራ ነው። ሥርዓት ከሌለ ብልጭታም የለም፣ ነጭ ወይም ቡናማ ተራ ኦፓል ይሆናል።

በኢትዮጵያ የከበረ ኦፓል መጀመሪያ የታወቀው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሰሜን ሸዋ፣ ከመዘዞ ነበር። ቡናማ፣ በክብ ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ፣ ቆንጆ፤ ግን ውሃው ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ብዙ ስለነበረው የአገራችንን ድንጋይ ስም አጎደፈው። በ2008 እ.ኤ.አ. የደላንታው ተገኘና ነገሩ ተለወጠ። ወገል ጤና አጠገብ፣ ፀሐይ መውጫ በሚባለው መንደር፣ ከአምባው ጫፍ በታች በገደሉ ወገብ ላይ አንድ ስስ ንብርብር አለ። ውፍረቱ አንድ ሜትር አይሞላም። 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባላቸው የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች መካከል የተጋደመ ነው። ቆፋሪዎቹ ያንን ንብርብር እየተከተሉ ገደሉን ይቦረቡራሉ፤ ጉድጓዱ የሚናድበት፣ ሰው የሚሞትበት ሥራ ነው። በጋሸና በኩል ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ጥቁር ኦፓል ተገኘ። ጃይፑር ውስጥ ባለ ማሳያ መስታወት ውስጥ «የቬነስ ድንጋይ» የሚል ጽሑፍ አጠገቡ ሲቀመጥ የዚህ ሁሉ ወሬ አብሮ አይቀመጥም።

የወሎው ኦፓል ከአውስትራሊያው የሚለይበት ትልቁ ጠባይ ውሃ መጠጣቱ ነው። በእንክብሎቹ መካከል የቀሩት ጥቃቅን ክፍተቶች እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ የእንጀራ ዐይን ወጥ እንደሚመጠው ውሃን ይመጣሉ። ደረቁን ምላስ ላይ ብታስነኩት ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ነጩ ድንጋይ ቀስ በቀስ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ብልጭታውም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ሲደርቅ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ክብደቱም አብሮ ይለዋወጣል፤ አንዳንዱ ከራሱ ክብደት ከ10 በመቶ በላይ ውሃ ሊይዝ ይችላል። የክር ሙከራችን ለእሱ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ እየመዘናችሁት ይጠጣል።

ይህ ጠባይ ለገዥ መከታም ወጥመድም ነው። መከታነቱ፦ ከፕላስቲክ ወይም ከሙጫ የተሠራ ማስመሰያና ድርብ ድንጋይ ውሃ አይጠጣም። አንድ ጠብታ ውሃ በኦፓሉ ፊት ላይ አሳርፉና ከጎን ተመልከቱ። የወሎው ደረቅ ከሆነ ጠብታው እየሰረገ ቦታውን ያጠራዋል፤ ፕላስቲኩ ላይ ጠብታው ቂብ እንዳለ ይቆያል። ሙከራው የሚጎዳው ነገር የለም፤ ውሃው ንጹሕ ይሁን እንጂ። ነገር ግን ውሃ አለመጠጣቱ ብቻውን «ውሸት ነው» አያሰኝም፤ ከወሎም ጥቅጥቅ ብሎ የማይጠጣ ይወጣል፣ የአውስትራሊያውም በአብዛኛው አይጠጣም።

ወጥመድነቱ የሚጀምረው ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምም መጠጣቱ ላይ ነው። ገበያው ላይ ደማቅ ወይን ጠጅ፣ ደማቅ ሮዝ ወይም ደማቅ ሰማያዊ መደብ ያለው «የኢትዮጵያ ኦፓል» ካያችሁ ቀለም የተነከረ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ጥቁሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጭስ የጠቆረ ነው። ድንጋዩ በወረቀት ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ ወረቀቱ ሲከስል ጥቀርሻው በክፍተቶቹ ውስጥ ሰርጎ መደቡን ያጠቁራል፣ ብልጭታውም ይጎላል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥቁሩ በየቦታው እንደ ነጥብ ተከማችቶ ይገኛል። የጋሸናው እውነተኛ ጥቁር በመኖሩ ምክንያት በጭስ የጠቆረው የሚሸጥበት ስም አግኝቷል። ዋጋውን ያየ ሰው ሁሉ ጥቁር ይፈልጋል፤ እኔ ብሆን ለቀለበት ነጩን ወይም ቢጫውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የሚደበቅበት ነገር ያንሳል።

ሰው ሠራሽ ኦፓልም አለ፤ ፈረንሳዊው ፒየር ዢልሶን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ አውጥቶታል። የድሮ መጻሕፍት መለያውን ሲያስተምሩ ከላይ ሲታይ የእንሽላሊት ቆዳ፣ ከጎን ሲታይ ቀጥ ቀጥ ያለ ዓምድ ይላሉ። የወሎው ድንጋይ ግን ይህን ምክር አወናበደው፤ እሱም በተፈጥሮው ጣት ጣት የመሰሉ የብልጭታ ዓምዶች ያበቅላል። ልዩነቱ በዓምዶቹ መካከል ነው። በወሎው በዓምዶቹ መካከል ብልጭታ የሌለው ጥርት ያለ ተራ ኦፓል ይታያል። በሰው ሠራሹ ዓምዶቹ ተጠጋግተው ሁሉም ቦታ ይሞላሉ። እዚህ ላይ ግን በስልክ መብራት ተደግፎ መፍረድ አይገባም።

አሁን ብዙ ሰው ሳያውቅ ድንጋዩን የሚያበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ሥርዓቱ ላይ። የጅዮቲሽ ድንጋይ ከመጠለቁ በፊት ይነጻል። የተለመደው ወተት፣ እርጎ፣ ማር፣ ቅቤና ስኳር ተደባልቆ ድንጋዩ ይነከርበታል፣ ከዚያ ይታጠባል። ለሰንፔር ወይም ለቶጳዝ ይህ ምንም አያደርገውም። ሥርዓቱ የተሠራው ለዘጠኙ ድንጋዮች እንጂ ውሃ ለሚጠጣው ለወሎ ኦፓል አልነበረም። ውሃው ሲደርቅ ይወጣል። የቅቤ ስብ ግን ከገባ በኋላ በቀላሉ አይወጣም፤ ድንጋዩ ቢጫ ይሆናል፣ ይደበዝዛል። በኮከብ ያመነው ሰው ድንጋዩ ሲደበዝዝ «መጥፎውን ሁሉ ሳበልኝ» ይላል። የሳበው ቅቤውን ነው። ማንጻት የግድ ከሆነ ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

የእኛ ጓዳም ከዚያ የተለየ አይደለም። የኑግ ዘይት፣ በርበሬ፣ እርድ፣ የፀጉር ቅቤ፣ የእጅ ቅባት፣ ሽቶ፣ ሳሙና፣ ሁሉም ወደ ኦፓል ይገባሉ። ወጥ ሲሠራና ፀጉር ሲቀባ ቀለበቱ ይውለቅ። ሊጥ ሲቦካም፣ በተለይ ጤፍ ሲበጠርና ሲታጠብ ይውለቅ፤ ከአፈሩ ጋር የሚመጣው የኳርትዝ አሸዋ በጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ስለሆነ ይጭረዋል። በእሳት ዳር መዋልም አይስማማውም። የጅዮቲሽ ደንብ ድንጋዩ ቆዳ እንዲነካ ቀለበቱ ከሥሩ ክፍት ይሁን ይላል፤ ይህ ማለት ላብና ቅባት ከታችም ይገባል ማለት ነው። አንጥረኛው ክፍት አድርጎ ከሠራው ቶሎ ቶሎ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው።

ስትገዙ ደግሞ ክብደቱን ጠይቁ። ህንዶች የኮከብ ድንጋይ የሚሸጡት በራቲ ነው፤ ቀይና ጥቁር የሆነች የአንዲት ፍሬ ክብደት የነበረ መለኪያ ነው። አንጥረኞች 0.12 ግራም ገደማ ያደርጉታል፤ የድንጋይ ሻጮች ደግሞ ብዙ ጊዜ 0.18 ግራም ገደማ። «5 ራቲ» ስትባሉ 0.6 ግራም ይሁን 0.9 ግራም ከቃሉ አይታወቅም፤ በካራት ወይም በግራም ይነገራችሁ። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። ለኦፓል ደግሞ ደርቆ መመዘኑን አረጋግጡ። ውሃ ውስጥ የከረመ ድንጋይ ከፍ ያለ ክብደትና የጠራ መልክ ይዞ ለገበያ ይቀርባል፤ ቤት ስትገቡ ውሃው ወጥቶ ቀሎና ነጥቶ ይጠብቃችኋል። ከጉድጓድ እንደወጣ የተቆረጠም አትግዙ፤ ሲደርቅ ከሚሰነጠቀው ወገን እንዳይሆን ጥሩ ነጋዴ ከመቁረጡ በፊት ለሳምንታት ያደርቀዋል።

ድንጋዩን ያዘዘው ሰውና የሚሸጠው ሰው አንድ ከሆኑ ተጠንቀቁ። የጅዮቲሽ ተከታይ የሆነ ሰውም ይህን ይረዳል፤ ትዕዛዙን አንድ ቦታ፣ ድንጋዩን ሌላ ቦታ ማድረግ እምነትን አይነካም። «ድንጋዩ ካልሠራልህ ኮከብህ ጠንካራ ስለሆነ ትልቁን ግዛ» የሚል ነጋዴ ዘንድ ደግሞ መመለስ የለም።

ዋጋው ከፍ ካለ የላቦራቶሪ ወረቀት ይጠየቃል። በወረቀቱ ላይ «ተፈጥሯዊ» መባሉ ብቻ «ያልታከመ» ማለት አይደለም፤ የታከመ ድንጋይም ከመሬት ስለወጣ ተፈጥሯዊ ይባላል። ስለ ሕክምናው የተጻፈው መስመር ለብቻው ይነበብ፦ የሙቀት፣ የዘይት፣ የቀለም ወይም የጭስ ምልክት አልተገኘም የሚል ነገር እዚያ አለ ወይ? መስመሩ ባዶ ከሆነ ወረቀቱ ያንን ጥያቄ አልመለሰም። ቀጥሎ በወረቀቱ ላይ የድንጋዩ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሚሊሜትር ተጽፏል፤ ከእጃችሁ ካለው ድንጋይ ጋር በአንጥረኛ መለኪያ አስተያዩት። አንድ እውነተኛ ወረቀት ለብዙ ድንጋይ ሲዞር የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። የወረቀቱን ቁጥር በላቦራቶሪው ድረ ገጽ ላይ መፈተሽም ይቻላል። ወረቀት ከሌለ ግን ሻጩ በደረሰኙ ላይ የድንጋዩን ስም፣ ክብደቱን በካራትና መታከም አለመታከሙን በእጁ ጽፎ ይፈርም። ለመጻፍ ካንገራገረ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።